ቡችላን ተናካሽ የምናደርገው እኛው ነን!

ከሦስት ወር በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቡና ቀርቦ ከጎረቤት ጋር ተቀምጠናል። የ9 ዓመቷ ልጄ እያለቀሰች ከጓሮ መጣችና እጇን ዘረጋችልኝ። አውራ ጣቷ ሥር እንደ መርፌ ጫፍ የቀጠኑ ሦስት ቀዳዳዎች አሉ፤ ከአንደኛው ደም ጠብ ብሏል። ጥፋተኛው ጭራውን እየቆላ ከኋላዋ ተከትሏል። የ10 ሳምንት ቡችላ ነው። ማጥፋቱን የሚያውቅ አይመስልም፤ እንዲያውም የቀሚሷን ጫፍ ለመያዝ ይዘላል።

ወዲያው ጉባኤው ተከፈተ። ዘበኛችን «አፍንጫውን በጥፊ ማለት ነው! ዛሬ ካልተቀጣ ነገ ክንድ ይገነጥላል» አሉ። አንዷ ጎረቤታችን «እጃችሁን ሚጥሚጣ ቀቡትና ይቅመሳት» አሉ። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ «ኧረ ተውት! ይኼ እኮ ጥሩ ምልክት ነው። ስድስት ወር በሰንሰለት እሰሩት፣ ሰው አታሳዩት፤ ያን ጊዜ የሌባ ጠላት ይሆንላችኋል» አለ።

ሁሉም የተናገሩት ከልባቸው ነው። ሁሉም ውሻ አሳድገዋል። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ምክሩ አዲስ ስለሆነብኝ አይደለም። ይህንኑ ምክር ከዓመታት በፊት አንድ በአንድ ፈጽሜዋለሁ። ውጤቱንም አይቼዋለሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝም ያ ውጤት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1996 ዓ.ም. ሌባ አስመርሮን አንድ ቡችላ አመጣሁ። ስሙን ነብሮ አልኩት። መንገድ ዳር በካርቶን ይዘው ከሚሸጡ ልጆች ነው የገዛሁት። ዓይኑን ከገለጠ ብዙም የቆየ አይመስልም ነበር። እንደማንኛውም ቡችላ እጅ ይነክስ ነበር፤ በነከሰ ቁጥር መታሁት። እንግዳ ሲመጣ ያጉረመርም ነበር፤ ስላሳፈረኝ ለዚያም መታሁት። አራት ወር ሲሞላው ከአጥሩ ጥግ በአንድ ሜትር ተኩል ሰንሰለት አሰርኩት። ቀን እዚያ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። ሚጥሚጣ ውሻን ኃይለኛ ያደርጋል ሲሉኝ ከፍትፍቱ ጋር ቀላቅዬ ሰጠሁት። በሩ ላይም እንደ አገሩ ደንብ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብዬ ጻፍኩ። ኮራሁ እንጂ አላፈርኩም።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት አንድ ቀን ሰንሰለቱ ተበጠሰ። የጎረቤታችን የ7 ዓመት ልጅ ኳሱ ግቢያችን ገብታበት ሊወስድ መጥቶ ነበር። ነብሮ አላጉረመረመም፤ አልጮኸም። ዝም ብሎ ሄዶ ባቱን ያዘው። ለማስለቀቅ ሦስት ሰው ነው የታገለው።

ከዚያ የሆነውን ለመናገር እስከ ዛሬ አፌ ይተሳሰርብኛል። የሰፈር ሰው በንዴት ነብሮን በድንጋይና በዱላ እዚያው ገደለው። እኔም አልከለከልኩም። የማናውቀው ነገር ቢኖር፣ የነከሰ ውሻ በአስተማማኝ ሁኔታ ታስሮ ለ10 ቀናት መታየት ነበረበት። ውሻ ሲነክስ የእብድ ውሻ በሽታ በምራቁ ውስጥ ከነበረ፣ በእነዚያ 10 ቀናት ውስጥ ምልክቱ ይወጣል ወይም ውሻው ይሞታል። በ10ኛው ቀን በጤና ከተገኘ ግን የተነከሰው ሰው ቀሪው መርፌ ይቀርለታል። እኛ ውሻውን ገደልን፤ የልጁን ዕድልም አብረን ገደልን። ነብሮ ተከትቦ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ያ ልጅ በጊዜው የነበረውን፣ ሆድ ላይ የሚወጋውን መርፌ በየቀኑ እስከ መጨረሻው ተወጋ። እናቱ በደጃችን እጁን ይዘው ሲያልፉ ድምፁን እሰማው ነበር። «እማዬ ዛሬስ ይብቃኝ» ይላል።

እንግዲህ ፍረዱ! ልጁን የነከሰው ማነው? ነብሮ ነው ወይስ እኔ?

አባቶች «ባለቤቱን ካልናቁ ውሻውን አይመቱም» ይላሉ። ውሻና ባለቤቱ አንድ መሆናቸውን ተረቱ ያውቃል። ታዲያ ክብሩ ላይ አንድ ከሆንን ጥፋቱ ላይ ለምን እንለያያለን? ውሻው ሌባ ሲይዝ «የኔ ውሻ» ነው። ልጅ ሲነክስ ግን «ያ ክፉ ውሻ» ይሆናል። አይ የኛ ነገር!

ከነብሮ በኋላ ረጅም ዘመን ውሻ አላሳደግሁም። ዘንድሮ በልጄ ልመና ተሸነፍኩ። የቡችላውን ስም ግን እኔ አወጣሁ። መቼም በአገራችን የውሻ ስም መልእክት ነው። የገጠሩ ሰው ለተጣላው ጎረቤቱ ሊናገር የፈለገውን በውሻው ስም አድርጎ ጮክ ብሎ ይጣራል። እኔ ግን መልእክቱን ለራሴ ጻፍኩ። «ታገስ» አልኩት። በተጣራሁ ቁጥር የምመከረው እኔ ነኝ።

እስቲ አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቡችላ ለምን ይነክሳል? ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሕፃን ሁሉን ነገር በእጁ እየያዘ እንደሚያውቅ፣ ቡችላ ዓለምን የሚያውቀው በአፉ ነው። 28 የወተት ጥርሶች አሉት። ከሦስትና ከአራት ወር ጀምሮ እየወለቁ በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። ድዱ ያሳክከዋል። የወተት ጥርስ እንደ መርፌ የሾለ ነው፤ መንጋጋው ግን ገና ደካማ ስለሆነ ያማል እንጂ ብዙ አይጎዳም። ትምህርቱ መሰጠት ያለበት በዚህ ዕድሜ የሆነውም ለዚሁ ነው። የዛሬው ስህተቱ በሦስት ቀዳዳ ያልፋል፤ የዓመት ተኩል ውሻ ሲሳሳት ግን ሆስፒታል ያስገባል።

የመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎች እናቱና ወንድሞቹ ናቸው። ሲጫወቱ አንዱ ሌላውን አጥብቆ ከነከሰ የተነከሰው ይጮህና ጨዋታውን ትቶ ይሄዳል። ነካሹ ብቻውን ይቀራል። በዚህ ዓይነት «አጥብቄ ከነከስኩ ጨዋታ ይቀራል» የሚለውን ይማራል። ቢያንስ እስከ 8 ሳምንት ከእናቱ አይለይ የሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እኛ ግን በ4 ሳምንቱ በካርቶን ገዝተን እናመጣውና «ይኼ ውሻ ለምን ይነክሳል?» ብለን እንገረማለን። ከትምህርት ቤት ያስወጣነውን ልጅ ማንበብ አልቻለም ብለን እንደመግረፍ ነው።

ታዲያ ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? እኔ የሠራሁትን ልንገራችሁ።

በዚያ ቅዳሜ በመጀመሪያ የልጄን እጅ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጠብን። ቀጥሎ ጤና ጣቢያ ወስጄ አሳየኋት። «ቡችላ ነው፣ ጭረት ነው» ብዬ አላለፍኩትም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከወጣ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት በጊዜ ከተከተቡ ግን መከላከል ይቻላል። ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ነው።

ከዚያ የቤት ሕግ አወጣን። ታገስ እጅ ከነከሰ እጅ መንጠቅ የለም። የሚንፈራገጥ እጅ ለቡችላ የሚሮጥ አይጥ ነው፤ ይከተለዋል። እጅን ማላላት፣ «በቃ» ማለት፣ ተነስቶ ጀርባ መስጠት። ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ዝም። ከዚያ ተመልሶ መጫወት። እንደገና ከነከሰ እንደገና «በቃ»። በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ ጊዜ ያህል ሳንነሳ አልቀረንም። ባለቤቴ «ይኼ ጨዋታ ነው ወይስ ስግደት?» አለች።

ትልቁ ችግር ቡችላው አልነበረም፤ እኛው ነበርን። እኔ «በቃ» ስል የባለቤቴ ወንድም በእጁ እያታገለ ያጫውተዋል። ዘበኛችን ደግሞ እኔ ዞር ስል ኩርኩም ይሉታል። አንዱ የፈቀደውን ሌላው ከከለከለ፣ የከለከለውንም በተለያየ መንገድ ከቀጣ፣ እንኳን ቡችላ ሰውስ ሕጉን በምን ያውቀዋል? ሕግ ለሁሉም አንድ ሆኖ በየቀኑ ካልሠራ ሕግ አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ መስመር የያዘው።

የሚነከስ ነገርም መስጠት ያስፈልጋል። «አትንከስ» ብቻ አይበቃም፤ «ይኼን ንከስ» ማለት አለ። አሮጌ ፎጣ ቋጥረን በቀዝቃዛ ውሃ እየነከርን ሰጠነው። አሮጌ ጫማ ግን አትስጡት። አሮጌውን ከአዲሱ የሚለይበት ዕውቀት የለውም። የተቀቀለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ እየተሰነጠቀ ጉሮሮና አንጀት ስለሚወጋ አይሰጥም። እንቅልፉንም አትንፈጉት። ቡችላ ከ24 ሰዓት ውስጥ 18 ያህሉን ሊተኛ ይችላል። ሲመሽ አብዶ የሚነክሰው ብዙ ጊዜ የደከመ ቡችላ ነው። የደከመ ሕፃን ይነጫነጭ የለ?

ልጄንም አሠለጠንኳት። ሲነክሳት አትሮጥም፤ አትጮህም። እጇን አጣጥፋ እንደ ዛፍ ትቆማለች። የሚሮጥና የሚጮህ ልጅ ለቡችላ ከሁሉ የበለጠ ጨዋታ ነው። የሚበላና የሚተኛ ውሻ አትነካም። ልጅና ውሻ ደግሞ ያለ አዋቂ ብቻቸውን አይተዉም።

ስለ ዱላ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። የተመታ ቡችላ «መንከስ መጥፎ ነው» ብሎ አይማርም። የሚማረው «የሰው እጅ ያማል» የሚለውን ነው። ነገ ሊዳብሰው የሚዘረጋ እጅ ሲያይ ይፈራል። የፈራና መሸሻ ያጣ ውሻ ይነክሳል። በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ደግሞ መሸሻ የለውም።

ከዚህ የባሰው ማጉረምረምን መቅጣት ነው። ማጉረምረም የውሻ ንግግር ነው። «አልተመቸኝም፣ ራቅ በሉኝ» ማለቱ ነው። በማጉረምረሙ የሚመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል። ባለቤቱም «ሥርዓት ያዘ» ብሎ ይደሰታል። ግን ያልተመቸው ነገር የት ሄደ? ያው እውስጡ ነው። የጠፋው ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ውሻ አንድ ቀን ድምፅ ሳያሰማ ይነክሳል። ነብሮ ያን ልጅ ዝም ብሎ የያዘው ለዚህ ነው። ዝምታውን በዱላ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

«ጌታው ማን እንደሆነ ማሳየት አለብህ» የሚሉኝ አልጠፉም። ይህ አስተሳሰብ የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1947 ሩዶልፍ ሼንከል የተባለ ተመራማሪ በአጥር ውስጥ የተያዙ ተኩላዎችን አጥንቶ ስለ የበላይነት ሽኩቻቸው ጻፈ። አሜሪካዊው ዴቪድ ሜች እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን ለብዙ ሰው አደረሰው። ውሻም የተኩላ ዘር ነውና «ካልረገጥከው ይረግጥሃል» ተባለ። ነገር ግን ሜች ራሱ ተኩላዎችን በዱር ለዓመታት ከተከታተለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ጽሑፍ ሐሳቡን አረመ። በተፈጥሮ ቦታው ያለ የተኩላ መንጋ አባት፣ እናትና ልጆች ያሉበት ቤተሰብ ነው አለ። ሰውዬው የገዛ መጽሐፉን ለማረም አላፈረም። እኛስ የሠፈር ወሬያችንን ለማረም ምን ያሳፍረናል?

አሁን ደግሞ ወደ ገመዱ። አንድ ነገር ላስቀድም። ቡችላ የፓርቮና የሌሎች በሽታዎች ክትባቱን ሳይጨርስ መንገድ ላይ አይለቀቅም። ፓርቮ ስንቱን ቡችላ በቀናት ውስጥ ጨርሷል! የእብድ ውሻ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጣል፤ ከዓመት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያም ሐኪሙ በሚያዝዘው ጊዜ ይቀጥላል። ግን እስከዚያ ቤት ተዘግቶበት ይቀመጥ ማለት አይደለም። ከ3 ሳምንት እስከ 12 ወይም 14 ሳምንት ያለው ዕድሜ ቡችላ ዓለምን የሚለምድበት ነው። ያኔ ያላየውን ኋላ ይፈራዋል። እኔ ታገስን እያቀፍኩ አወጣው ነበር። ታክሲ፣ ባጃጅ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው፣ ባለ ነጠላ፣ ባለ ዱላ ሽማግሌ፣ ሁሉንም ከክንዴ ላይ ሆኖ አየ።

ገመዱን በመጀመሪያ የለመደው ቤት ውስጥ ነው። ቀላል የአንገት ማሰሪያ አደረግንለት፤ ሁለት ቀን ሲያክከው ዋለ፤ ከዚያ ረሳው። ቀጥሎ ቀላል ገመድ አስረን እያየነው ጎትቶት እንዲዞር ተውነው። ከዚያ እኔ ጫፉን ይዤ በግቢው ውስጥ መራመድ ጀመርኩ። በግራ እግሬ አጠገብ ሲሆን ጉርሻ አለ። ጉርሻው የጣት ጥፍር የምታክል ሥጋ ናት። ያውም ከምሳው የተቀነሰች!

ውጭ ስንወጣ ግን ጎተተ። ውሻ ለምን ይጎትታል? ስለሚሳካለት ነው። ይጎትታል፣ እኛ እንከተላለን፤ ያሰበው ቦታ ይደርሳል። ታዲያ ለምን ይተወዋል? እኛ መልሰን ስንጎትት ደግሞ እሱ ይብሳል። አንገቱ ላይ በተሳበ ቁጥር ወደፊት ይታገላል፤ ይታነቃል፤ ጉሮሮው ይጎዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ሲጎትት እቆማለሁ። አልስበውም፤ አልቆጣውም፤ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ዞር ብሎ ሲያየኝና ገመዱ ሲላላ፣ ጉርሻና ጉዞ። እንደገና ሲጎትት እንደገና መቆም። የላላ ገመድ ያስኬዳል፤ የተወጠረ ገመድ ያስቆማል። ሕጉ ይኼው ነው።

የመጀመሪያው ቀን ከበራችን እስከ ሱቁ 30 ሜትር የማይሞላ መንገድ 20 ደቂቃ ፈጀብን። ባለሱቁ «ጋሼ፣ ውሻው ነው እንዴ እርስዎን የሚያሠለጥንዎት?» ብሎ አሳቀብኝ። ሳስበው አልተሳሳተም። ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በሁለተኛው ሳምንት መንገዱ 5 ደቂቃ ሆነ። ዛሬ ታገስ አምስት ወሩ ነው። ገመዱ ላልቶ አስፋልቱ ድረስ ደርሰን እንመለሳለን። አልፎ አልፎ ይረሳል፤ እኔም አልፎ አልፎ እረሳለሁ።

ሥርዓት ያለው አካሄድ የውሻው ብቻ አይደለም፤ የያዘው ሰውም ሥርዓት ነው። ውሻን የሚፈራ አለ። ሶላት ሊሰግድ ውዱእ አድርጎ የሚሄድ ጎረቤት አለ፤ የውሻ ምራቅ እንዲነካው አይፈልግም። ማንም ሰው የኔን ውሻ የመውደድ ግዴታ የለበትም። ሰው ሲመጣ ገመዱን አሳጥሬ ጠርዝ የምይዘው እኔ ነኝ። «አይነክስም፣ አትፍሩ» እያሉ ውሻን ሰው ላይ መልቀቅ ድፍረት ነው። እኔም ነብሮን «የሠፈር ሰው አይነካም» እል ነበር።

መቼም «ለሰው ሥጋ በጠፋበት ዘመን ለቡችላ ጉርሻ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ኑሮው ያስመርራል። ግን ትዕግሥት አይሸመትም። የእንጀራ ቁራሽም ጉርሻ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የአንድ ንክሻን ዋጋ አስሉት፤ መርፌው፣ መመላለሱ፣ ሥራ መፍታቱ፣ ጠቡ፣ ሽምግልናው። «ውሻ የምንፈልገው ለሌባ ነው» ለሚሉም መልስ አለኝ። ታገስ ሌሊት ኮቴ ሲሰማ ይጮሃል፤ ዘበኛችንም ይነቃሉ። ሌባን የሚያባርረው ጩኸትና የነቃ ሰው ነው። በፍርሃት ያበደ ውሻ ሌባና ኳስ ፈላጊ ልጅ አይለይም።

ይህ የአንድ ግቢ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይገድላል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው እስከ 99 በመቶው በውሻ በኩል ነው። ከሟቾቹ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ሉዊ ፓስተር ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ ያዳነው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። መድኃኒቱ ከተገኘ ይኼን ያህል ዘመን ሆኖት ልጆች አሁንም በውሻ ንክሻ ይሞታሉ። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው መተላለፉን ያቆማል። ማታ ማታ በሩን ከፍተን «ይዙር» ብለን የምንለቀው፣ ያልተከተበውና የተደበደበው ውሻ ግን የማን ውሻ ነው? ጎዳና ላይ ሲነክስ «የጎዳና ውሻ» እንለዋለን። ጠዋት ሲመለስ ግን በር የምንከፍትለት እኛ ነን!

ባለፈው ሳምንት ከታገስ ጋር ስንመለስ ያ የጎረቤቴ ልጅ ከፊት ለፊት መጣ። ልጅ አልኩት እንጂ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ሌላ ሰፈር ነው የሚኖረው፤ እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ ነው። ውሻ ሲያይ ዛሬም መንገድ ይሻገራል። በዚህ ቀን ግን ቀድሜ የተሻገርኩት እኔ ነኝ። ገመዱን አሳጠርኩ፤ ታገስም ቆመ። ልጁ ከወዲያ ማዶ አየን።

«ይኼኛውስ ይነክሳል?» አለኝ።

«እያስተማርኩት ነው» አልኩት።

ራሱን ነቅንቆ አለፈ። ይቅርታ እንዲያደርግልኝ አልጠየቅሁትም፤ ለመጠየቅም ፊት የለኝም። ላደርግለት የምችለው አንድ ነገር ቢኖር፣ በዚህ ሰፈር ሌላ ልጅ በኔ ውሻ ምክንያት መርፌ እንዳይወጋ ማድረግ ነው።

ቡችላ ያላችሁ ወገኖቼ! ዛሬ ማታ ሲነክሳችሁ ዱላ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ተነስታችሁ ጀርባ ስጡት። ካልሠራ ነገም ድገሙት። የክትባት ወረቀቱንም ፈልጉ፤ ከሌለው ሰኞን አትለፉ።

ቸር ይግጠመን!